ሕይወቱን ኪሴ ውስጥ ያስቀመጠው መምህር

ዛሬ ጠዋት ልሞት ነበር። ማለቴ፣ የምሞት መስሎኝ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ልጄ ሰናይት ከገበያ ማንጎ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። እኔ ስኳር ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ጨዋ በሽተኛ "መጀመሪያ እለካለሁ፣ ቁጥሩ ከፈቀደ ሩቡን እበላለሁ" አልኩ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ጥፋቴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ማንጎውን አስቀድሜ ላጥኩት። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እጄን በጋቢዬ ጫፍ ጠራረግሁና ጣቴን ወጋሁ፤ ጠብ ያለችውን ደም መሣሪያው ላይ አስነካሁ። አራት መቶ ሰማንያ ሰባት አለኝ።

ይህን እንዳየሁ አፌ ደረቀ፣ ዓይኔ ፈዘዘ። ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ደህና ነበርኩ፤ እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። "ሰናይት! የንስሐ አባቴን ጥሪልኝ!" ብዬ ጮህኩ። አባ ከቁስቋም እየገሰገሱ እስኪወርዱ ድረስ ሬዲዮኔን ለማን፣ ከዘራዬን ለማን እንደምተው ተናዝዤ ጨርሼ ወደ ጫማዎቼ ተሸጋግሬ ነበር።

"አባዬ" አለች ሰናይት ድንገት ክንዴን አይታ፣ "እጅህን ታጥበሃል?"

የሚሞት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። እሷ ግን ጎትታ ወስዳ በሳሙና አጠበችኝና እንደገና ወጋችኝ። መቶ ሃያ ስምንት።

አባ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው የተላጠውን ማንጎ ተመለከቱ። "የገደለህ ይሄ ነው፣ ልጄ?" አሉና ተቀምጠው በሉት። ፍሬውን እንኳን ግጠው ነው የጨረሱት።

"ጣትህን ሳትታጠብ አትለካ። መሣሪያው የሚለካው የነካውን ነው፤ አንተን አያውቅህም" እያለ መቶ ጊዜ የነገረኝ ሰው ነበር። መምህር አንጁሎ ይባላል። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከሳቅ ብዛት ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ በገመድ ተጎትቶ ነበር የሚወጣው።

ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተነስቼ ወረቀቱን ያጠፍኩት ስለማፍር ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ጠዋት በማንጎ ሞቶ የተነሳ ሰው ከዚህ በላይ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ልናገረው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ሕይወቱን ኪሴ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። እኔ በላሁት።

አንጁሎ ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምሯል። አባቱ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። ጡረታ ሲወጣ ጠመኔውን ጣለና ሽሮ ሜዳ ወዳለው ወደ አባቱ የሽመና ጉድጓድ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፋፊ ሰው ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ ግማሹ ብቻ ስለሚታይ አዲስ ደንበኛ አጭር ሰው ይመስለዋል፤ ለሒሳብ ሲነሳ ደንበኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሌላው ሰው ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል፤ እሱ የሚሰካው ቴርሞሜትር ነበር።

እኔ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ነኝ። የምሠራው ስላልነበረኝ በርጩማ ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ እውላለሁ። እሱ ይሸምናል፣ ያስተምራል፤ እኔ እሰማለሁ፣ አንዳንዴም አንቀላፋለሁ። በትምህርት ቤት ዘመኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ሰላምታው እንደ ሰው አልነበረም። "እንዴት አደርክ" አይልም፤ "ዛሬስ ስንት ነህ?" ነው የሚለው። መልሱ "ሠላሳ ሰባት" ነው። ሌላ ቁጥር የጠራ ሰው ወዲያው ብብቱን ይከፍታል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ስሙን ትቶ እሱኑ "ሠላሳ ሰባት" ይለው ጀመር።

"እንጦጦ ላይ ውርጭ ይውረድ፣ አዋሽ ላይ ድንጋይ ይቅለጥ" ይል ነበር፤ "ሚኒስትር ሁን፣ ለማኝ ሁን፣ ውስጥህ ሠላሳ ሰባት ነው። በዚህ አገር ዋጋው ያልጨመረ ነገር እሱ ብቻ ነው።"

"ትናንት ስትለካኝ ሠላሳ ስድስት ተኩል ነው ያልከኝ" አልኩት አንድ ቀን።

"ብብት ነዋ! ብብት ሁልጊዜ ትንሽ ትሰርቃለች።"

አንድ ጊዜ ሁለት ጋቢ ነጋዴዎች "ደንበኛዬን ጠራህብኝ" ተባብለው ተያያዙ። ሰው ሊገላግል ሲሯሯጥ አንጁሎ ከጉድጓዱ ወጥቶ በእርጋታ መጣና ለእያንዳንዳቸው ብብታቸው ሥር ቴርሞሜትር ሰካላቸው። "ሦስት ደቂቃ! እንዳይሰበር፣ ሜርኩሪ መርዝ ነው!" አላቸው። ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ያለ ሰው ቡጢ መሰንዘር አይችልም። ሁለቱም ክንዳቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው እንደ ሐውልት ቆመው ተፋጠጡ። ሦስት ደቂቃ ረጅም ነው። በሁለተኛው ላይ አንዱ ሳቀ። አንጁሎ ሁለቱንም አወጣና ለሕዝቡ አሳየ፤ "ያው ናቸው! እናንተ ትጣላላችሁ እንጂ ውስጣችሁ ተስማምቷል።"

እንዴት ነው ሰውነት ይህን ቁጥር የሚጠብቀው ብዬ ስጠይቀው መልሱን ከፊቱ ካለው ድር ላይ ነበር የሚያነሳው። የተወጠረውን ክር በጣቱ ነካ ያደርገዋል። "እይ፤ በጣም ከወጠርኩት ይበጠሳል። ካላላሁት ማጉ ይጨማደዳል። ዝም ብሎ የቆመ ይመስልሃል፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ትንሽ ሳጠብቅ፣ ትንሽ ሳላላ ነው የምውለው። አንጎልህ ሥርም ባቄላ የምታህል ሸማኔ አለች። ስትሞቅ ቆዳህ ላይ ውሃ ትረጭና በንፋስ እያደረቀች ታበርድሃለች። ስትበርድ የቆዳህን ደም ወደ ውስጥ ትሰበስበዋለች። ያ ካልበቃ ታንቀጠቅጥሃለች። መንቀጥቀጥ ማለት ጡንቻ ምንም ሥራ ሳይሠራ እየተንቀሳቀሰ ሙቀት ማውጣት ነው።"

"እንደኛ መሥሪያ ቤት" አልኩ።

"እናንተማ ሙቀትም አላወጣችሁም" አለኝ።

ከሙቀት ቀጥሎ የያዘው አባዜ ውሃ ነበር። ሁለት ጆግ ገዛ፤ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ። በሰማያዊው የሚጠጣውን፣ በቀዩ የሚሸናውን ይለካል። ሚስቱ እትዬ ዳሚቴ አንድ ቀን ለእንግዳ ውሃ ልትቀዳ ቀዩን ስታነሳ የጮኸው ጩኸት እስከ ታክሲ ተራው ተሰምቷል። ስሌቱ ግን አልገጠመለትም፤ የገባው ከወጣው ይበልጣል።

"ቀሪው የት ሄደ?" አለኝ፤ ሌባ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን አጥብቦ።

"ለምን እኔን ታየኛለህ?"

መልሱን ያውቀዋል፤ ሠላሳ ዓመት አስተምሮታል። በዓይኑ ማየት ነው የፈለገው። ስለዚህ ቀኝ እጄን በነጭ ላስቲክ ከረጢት አጠለቀና አንጓዬ ላይ በድር ክር አሰረልኝ። "ቁስቋም ማርያም ድረስ ውጣና ተመለስ" አለኝ። ለምን በራሱ እጅ እንዳላደረገው የጠየቅኩት ዳገቱን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ላስቲክ ያጠለቀ ሽማግሌ ሲያዩ መንገደኞች ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አንዲት እናት "ምን አቃጠለዎት፣ አባቴ?" አሉኝ። "ሳይንስ" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይማርዎት፤ እሱ ክፉ ነው" ብለው አማተቡ። ስመለስ ከረጢቱ ውስጥ ጠብታዎች አሉ። አንጁሎ ወደ ብርሃን አንስቶ እንደ አልማዝ አያቸው። "ይኸው! ቆዳህ ሳታውቀው ሲያፈስ፣ ሳንባህ ሲያተን ነው የሚውለው። ኩላሊትህ ደግሞ የቀረውን አይቶ ይወስናል፤ ውሃ ካነሰ ሽንትህን ያወፍራል፣ ከበዛ ያቀጥናል። አንተ ግን አንድ ነገር እንኳን ወስነህ አታውቅም።"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። "እስቲ አንተንም አንድ ቀን ልለካህ" አለኝ። ተለካሁ። ማታ ሁለቱን ጆጎች አይቶ ዝም አለ። አንጁሎ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ተሰማ" አለኝ፣ "አንተ ሰው አይደለህም፤ ወንዝ ነህ። ይህን ያህል የሚጠጣና ይህን ያህል የሚሸና ሰው ደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶበት ነው። ስኳር ሲሞላ ኩላሊት መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳር ደግሞ ብቻዋን አትወጣም፣ ውሃውን አስከትላ ነው። ሂድና ተመርመር።"

"ሽሮው ጨው በዝቶበት ነው።"

"ተመርመር።"

"ነገ።"

ነገን እወደዋለሁ። በመዝገብ ቤት ሳለሁም ብዙ ሰው አሳልፌበታለሁ።

ስለ ስኳር ሲናገር ከመጽሐፍ አልነበረም። እሱ ራሱ ስንት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ነው። "እናንተ ስትናደዱ ቆሽቴ አረረ ትላላችሁ" ይል ነበር፤ "የእኔ የእውነት አርሯል። ከእኔ በፊት ነው ጡረታ የወጣው።" የጤነኛ ሰው ቆሽት ስኳር ሲወጣ ኢንሱሊን እየላከ ያወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ጉበት ካጠራቀመው ያወጣል። እሱ ግን በመርፌ ነው የሚያወርደው። መርፌ ደግሞ ዓይን የለውም፤ ከተወጉ በኋላ ካልበሉ ማውረዱን አያቆምም።

አንድ ቀን ሥራውን አቁሞ አራት ከረሜላ በእጄ ቆጥሮ ሰጠኝ። በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉ።

"ስማ፤ እዚህ ሜዳ ላይ ስሆን ከእኔ ጋር የምትውለው አንተ ነህ። በብርድ ላብ ካላበኝ፣ እጄ ከተንቀጠቀጠ፣ ሰው መሳደብ ከጀመርኩ አትጠይቀኝ፣ አትከራከረኝ። መዋጥ እስከቻልኩ ድረስ አፌ ውስጥ ክተት። ካልሰጠኸኝ እሞታለሁ። ቀልድ አይደለም።"

"ለምን በራስህ ኪስ አትይዘውም?"

"እይዛለሁ። ያን ሰዓት ግን ኪሴ የት እንዳለ አላውቅም።"

ተቀበልኩ። ኮቴ ኪስ ከተትኩና ሁለት ቀን ያህል እንደ ታቦት ተሸክሜያቸው ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ከዊንጌት ስመለስ ታክሲ ጠፋ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ አንዷን በላኋት። ሦስት ይበቃዋል አልኩ። ሁለተኛዋን ዝናብ ሲይዘኝ። ሦስተኛዋን አንድ ለቅሶ ቤት፣ ሐዘኑ ከብዶኝ። አራተኛዋን ለምን እንደበላኋት እስካሁን አልገባኝም፤ ብቻዋን ነበረች። በሚቀጥለው ቀን እገዛለሁ ብዬ ነበር። ነገን እወደዋለሁ ብያለሁ።

አሁን ወደዚያ እሁድ ልምጣ።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር፤ ጉም እስከ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሰው ሁሉ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ነው የሚሄደው። የዕድራችን ስብሰባ በድንኳን ተጠርቷል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ዕድሩ ያጠራቀመውን ለፕላስቲክ ወንበር ያውለው ወይስ አንጁሎ እንዳለው የስኳር መለኪያ መሣሪያ ይግዛበት? ሰብሳቢው፣ ዳኛው የምንለው ሰው፣ ከወንበር ወገን ነበር።

"ዕድር የተቋቋመው ለመቅበር ነው" አለ።

"መቅበሩንማ እንቀብራለን" አለ አንጁሎ፤ "ትንሽ ብናዘገየው ምን አለበት?"

ጠዋት መርፌውን ተወግቷል። ቁርሱ ቀርቦለት ሳለ "ተራህ ደርሷል፣ ድንኳኑ ሞልቷል" የሚል ሰው መጣ። እትዬ ዳሚቴ "ጎርሰህ ሂድ" ብትለው "አሥር ደቂቃ ነው፤ መጥቼ እበላለሁ" ብሎ የክት ኮቱን ለብሶ ወጣ። ከረሜላው በዘወትር ኮቱ ኪስ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ የተባለውም አርባ ሆነ፤ አንጁሎ ሰው እየሰማው ንግግር አቁሞ አያውቅም።

"ስኳር ሲበዛ የሚሆነውን ነገርኳችሁ" አለ፤ "ሲያንስስ? አንጎል ይራባል። አንጎል ደግሞ የሞጃ ልጅ ነው፤ ከስኳር ሌላ ማዕድ አይቀርብም። ያኔ ሰውነት ደወል ይደውላል። ሰውየው በብርድ ላብ ያልበዋል።"

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በዚያ ጉም! ሕዝቡ ተጠጋ።

"እጁ... እጁ ይንቀጠቀጣል።"

እጁ ተንቀጠቀጠ። ጭብጨባ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በአድናቆት ጎነተለኝ። "ኧረ ይሄ ሰውዬ! እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ የሚያልበው?"

"ሠላሳ ዓመት የሠራበት ነው" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ጓደኛዬ ነዋ!

"ይ... ይበሳጫል። ይሳደባል" አለና ወደ ሰብሳቢው ዞረ። "አንተ ትርፍ አንጀት!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሱ አጨበጨበ፤ ተሸናፊነቱን ያወቀ ሰው ነው።

"አንተ የሽንት ፊኛ! ሞልተህ እንኳን አትናገር! እናንተ የኋላ ወንበሮች፣ ዝም በሉ ብያለሁ!" አለ አንጁሎ። ምላሱ ተሳሰረ። ዓይኑ ድንኳኑን እያየ ድንኳኑን አላየም። ከዚያ ሊቀመጥ ፈለገ፤ በሌለ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ይኸው!" አለ አንዱ ከኋላ፤ "ወንበር ያስፈልጋል ብለን ነበር!"

ከመሬት ሳይነሳ ሲቀር ሳቁ ቀዘቀዘ። "ብርድ መትቶት ነው!" አለች አንዷ። ይህ እንግዲህ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሌላ ሰፈር ቢሆን አንድ ጋቢ ጣል ይደረግበት ነበር። እኛ ዘንድ የተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሸማኔ ግማሹ ነጋዴ ነው። አንድ ጋቢ ወደቀበት፤ ሌላ ተከተለ፤ ከየሱቁም እየተሮጠ መጣ። አሥራ አንድ ጋቢ ቆጥሬያለሁ። "የእኔን ከላይ አድርጉት፤ ለሽያጭ ነው!" ይላል አንዱ። "ምች ነው! ዳማከሴ ፈልጉ!" ትላለች ሌላዋ። "ጠበል ነው እንጂ፤ ሲሳደብ አልሰማችሁም?" ይላል ሦስተኛው። አንጁሎ የጋቢ ክምር ሆነ። ከክምሩ ውስጥ "ትርፍ... አንጀት..." የሚል ድምፅ ይመጣል።

ያኔ ነው የገባኝ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ስድብ። እንደዚያ ቆጥሮ የሰጠኝ! እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። አራት ቀይ ወረቀት፣ በሥርዓት የተጣጠፉ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ወረቀት አልጥልም።

ሮጥኩ። ከሮጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረው። የሰይድ ሱቅ ከድንኳኑ ብዙ አይርቅም። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ግን አንድ ሕግ አለው፤ ባዶ ጠርሙስ ያላመጣ ሰው የለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ከሱቁ አይወጣም። እዚያው ቆሞ ይጠጣል።

"ለስላሳ! የብርቱካን!" አልኩ እያለከለክሁ።

"ምነው ጋሼ፣ በአንድ ጫማ? ይቀዝቅዝ አይቀዝቅዝ?"

"የፈለገውን ይሁን! ክፈተው!"

"ጠርሙስ ይዘዋል?"

"ሰይድ! ሰው እየሞተ ነው!"

"ማን?"

"ሠላሳ ሰባት!"

ፊቱ ተለወጠ። ክዳኑን በጥርሱ ነቀለው። "ይውሰዱ፣ ይሩጡ! ጠርሙሷ ግን በአደራ!" አለ።

ስመለስ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ፤ ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው? በአንዱ ጫፍ ገብቼ ሦስት አራት ጋቢ ስገልጥ ካልሲ አገኘሁ። "በዚህ! በዚህ!" አሉኝ። ዞርኩ። ትልልቆቹን ጆሮዎች ሳይ አለቀስኩ። ዳኛውና እኔ ቀና አድርገን አስቀመጥነው። እያጉተመተመ ነው፤ የሚያጉተመትም ሰው መዋጥ ይችላል፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ጠርሙሱን ከንፈሩ ላይ አስጠጋሁ። አልፈልግም አለ። ሰደበኝ፤ ኩላሊት የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አልጠየቅሁም፣ አልተከራከርኩም። ትንሽ፣ ትንሽ አጠጣሁት። ግማሹ ጋቢዎቹ ላይ ፈሰሰ፤ ነጋዴዎቹ ትንፍሽ አላሉም።

ያን ያህል ረጅም ሩብ ሰዓት አላየሁም። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ፊት ያያል። እትዬ ዳሚቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደርሳ እግሩ ሥር ተቀመጠች። እኔ በአንድ ጫማ ቆሜ ወደ ቁስቋም ዞሬ ምን ምን እንደተሳልኩ አልናገርም፤ አልፈጸምኩትምና።

ቀስ ብሎ ላቡ ደረቀ። ዓይኑ እኔን አገኘኝ።

"ስንት ነኝ?" አለ።

"ሠላሳ ሰባት" አልኩት። አልለካሁትም።

ወደ ዳኛው ዞረ። "የሰደብኩት ሰው አለ?"

"እኔን። ትርፍ አንጀት ብለኸኛል።"

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለ አንጁሎ፤ አሰበና ጨመረ፣ "እሱም ቢሆን አሁን ጥቅም አለው እየተባለ ነው።"

የወንበሩን ነገር ማንም አላነሳም። መሣሪያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከአርባ ደቂቃው ንግግር አንዲት ቃል የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ መውደቁን ግን ሁሉም ተረድቶታል።

ከሁለት ቀን በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ በርጩማዬን አስቀምጬ ከመቀመጤ በፊት አራቱን ቀይ ወረቀቶች አውጥቼ ድሩ ላይ አኖርኳቸው።

"በላሁት" አልኩ። "አራቱንም።"

መወርወሪያውን ከእጁ አስቀመጠ። ጥፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ።

"መቼ መቼ?"

ነገርኩት። ታክሲውን፣ ዝናቡን፣ ለቅሶውን።

"አራተኛዋስ?"

"ብቻዋን ነበረች።"

አራተኛዋን ወረቀት ለብቻዋ አነሳት። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ደንግጬ ኪሴን ስዳስስ እየሳቀ ነው። ሳቁን ሲጨርስ እጁን ኪሱ ከተተና አራት ከረሜላ አወጣ። ወደ እኔ ዘረጋ።

"አብደሃል?" አልኩት። "ሌላ ሰው የለም?"

"ሌላ ሰው ብመርጥ እሱም እስኪበላ መጠበቅ አለብኝ። አንተ ጨርሰሃል።"

ያን ቀን አዲሱ መሣሪያ መጀመሪያ የወጋው የእኔን ጣት ነው። እጄን ታጥቤ ነበር። ሁለት መቶ ዘጠና። አንጁሎ ቁጥሩን አይቶ "ወንዝ ብዬህ ነበር" ሳይል ቀረ። ያለማለቱን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በማግሥቱ ክንዴን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ ሰልፉ ላይ ከፊታችን ላሉት በሙሉ ስለ ቆሽት አስረዳ። ከዚያ በኋላ አራት የማልበላቸው ከረሜላዎች በኪሴ ይዤ ሦስት ዓመት አብሬው ዋልኩ። ሁለት ጊዜ አስፈልገውታል። ሁለቱንም ጊዜ ነበሩ።

የሞተው በስኳር አይደለም። ሳንባው ላይ ብርድ ገባና ሐኪም ቤት ተኛ። ልጠይቀው ስገባ ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ ወጣቷን ሐኪም አልጋው አጠገብ አቁሞ እያስተማራት ነው። "ባቄላዋ አልተሳሳተችም፤ ተህዋሲያኑን ልታቃጥል ሆን ብላ ነው የሰቀለችው። እኔን ማስፈቀድ ነበረባት እንጂ።" ሐኪሟ በትሕትና "እሺ መምህር" ትላለች። "ስንት ነህ?" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሠላሳ ሰባት አላለኝም። እጄን ያዘኝ፤ እጁ ይፋጃል። ሲነጋ አለፈ። የቀብሩ ቀን ዕድሩ ወንበር አልነበረውም፤ ቆመን ነው የሸኘነው።

ስለዚህ ያለብኝን ዕዳ ልናገርና ልተኛ።

ያ የብርቱካን ለስላሳ ጠርሙስ ሱቁ አልተመለሰም። ያን እሁድ እትዬ ዳሚቴ ከእጄ ተቀብላ፣ አጥባ፣ ከሽመናው ጉድጓድ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አቆመችው። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "ይሄ እኮ የሰይድ ነው" ብላት "እሱን የነካ ሰው እጁን አይወደውም" አለችኝ። አንጁሎ ከሞተ በኋላ ደግሞ አልጠየቅኳትም፤ ማንስ ይጠይቃል? ሌላ ተመሳሳይ ጠርሙስ ፈልጌ ለሰይድ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየና "ጋሼ፣ የእኔዋ አፏ ላይ ትንሽ ሸረፍ ያለች ናት። አደራ ያልኩት እሷን ነው" አለኝ። አሁን የሚሸጠው ባብዛኛው በፕላስቲክ ነው፤ ያ የእንጨት ሳጥን ግን ከባንኮኒው ሥር እስካሁን አለ። ሃያ ሦስት ጠርሙስና አንድ ባዶ ቀዳዳ።

በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር "አብሽሩ ጋሼ! ጠርሙሷስ?" ይለኛል፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። እኔም "ነገ" እላለሁ። ይህን ሽሽት መንገድ ቀይሬያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ታክሲው ለመሄድ በቁስቋም በኩል ዳገቱን ወጥቼ በጀርባ እወርዳለሁ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ባለፈው "ስኳርዎ እንዲህ የተስተካከለው ምን ቢያደርጉ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ዕዳ አለብኝ" አልኳት።